ጄምስ ዋትና የሥራ ጠረጴዛው

የዋት ስም ያልደረሰበት ቤት የለም። አምፑል ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ስሙን ይጠራል፤ ለፓምፕ የሚስማማ ሞተር የሚመርጥ መሐንዲስም በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ያነበዋል። ይህ ስም የኃይል መለኪያ እንዲሆን ሐሳብ የቀረበው በ1882 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ባለስሙ ከሞተ 63 ዓመት ሆኖት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጄምስ ዋት በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው ታሪክ የማንቆርቆሪያው ታሪክ ነው። ይኸውም በልጅነቱ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ የፈላው ውሃ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ሲያነሣ ተመልክቶ የእንፋሎትን ኃይል ተረዳ የሚል ነው። ታሪኩ ለሕፃናት መማሪያ ያምር ይሆናል፤ ለሙያ ሰው ግን አሳሳች ነው። ፈጠራን ቁጭ ብሎ ለሚመለከት ሰው በድንገት የሚወርድ ሲሳይ ያስመስለዋልና። ዋት ወደ እንፋሎት ሞተር የደረሰው በሌላ መንገድ ነው። መጀመሪያ መሣሪያ ሠሪ ነበር፤ ቀጥሎ አልሠራ ያለች አንዲት ትንሽ ሞዴል በእጁ ገባች፤ ከዚያም የሞዴሏን ሕመም ለማወቅ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ሁሉ ራሱ እየሠራ መረመራት። የሕይወቱ ታሪክ ከሥራ ጠረጴዛው ተለይቶ ሊነገር አይችልም።

የአባት ወርክሾፕ

ዋት በጃንዋሪ 19 ቀን 1736 ግሪኖክ በምትባል የስኮትላንድ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመርከብ አናጢ፣ የመርከብ ዕቃ አቅራቢና ነጋዴ ነበር፤ መርከበኞች የሚገለገሉባቸው ኮምፓሶችና የከዋክብት ከፍታ መለኪያዎችም ለጥገና ወደ እርሱ ይመጡ ነበር። ልጁ ደካማ ጤና የነበረውና በራስ ምታት የሚሠቃይ በመሆኑ ከትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ይቀር ነበር። ይሁን እንጂ አባቱ በወርክሾፑ ውስጥ ለቁመቱ የተስተካከለ የሥራ ጠረጴዛ፣ ለእጁ የሚመጥኑ መሣሪያዎችና አነስተኛ የብረት ማጋያ ምድጃ አዘጋጀለት። ልጁም በዚያ ተቀምጦ የመርከብ ዕቃዎችንና የማንሻ መሣሪያዎችን ሞዴል እየሠራ አደገ። መዶሻና ሞረድ በትክክል መያዝን የተማረው ማንም የሙያ ትምህርት ሳይሰጠው ነበር።

በ1753 እናቱ ሞተች፤ የአባቱም ንግድ ኪሣራ ደረሰበት። ወጣቱ ከዚያ በኋላ በሙያው መተዳደር ስለ ነበረበት የሒሳብና የቅየሳ መሣሪያዎች ሠሪ ለመሆን ወሰነ። በ1755 ወደ ለንደን ሄደ። በዚያን ጊዜ በለንደን የባለሙያዎች ማኅበር ሕግ መሠረት አንድ ለማጅ ሰባት ዓመት ሙሉ ማገልገል ነበረበት። ዋት ደግሞ የሚችለው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ብዙዎች በር ከዘጉበት በኋላ ጆን ሞርጋን የተባለ ባለሙያ 20 ጊኒ ተቀብሎ ሊያስተምረው ፈቀደ።

ያ ዓመት ከባድ ነበር። ወጣቱ ከማለዳ እስከ ማታ በናስ ላይ ሲሠራ ይውልና ሌሊት ደግሞ ለዕለት ጉርሱ የሚሆን ትርፍ ሥራ ይሠራ ነበር። የጦርነት ጊዜ በመሆኑ የባሕር ኃይል አፋሾች መንገድ ላይ ያገኙትን ወጣት ይወስዱ ስለ ነበር፣ ሕጋዊ የለማጅነት ውል የሌለው ዋት ከቤት መውጣት ይፈራ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ጤናው ቢጎዳም፣ የሙያውን ረቂቅ ሥራ ሌላው በሰባት ዓመት በሚማርበት ደረጃ ቀስሞ ነበር። በ1756 ወደ አገሩ ሲመለስ በለንደን የገዛቸውን መሣሪያዎችና የጎደለውን ራሱ ለመሥራት የሚያስችለውን ጥሬ ዕቃ ይዞ ተመለሰ።

የዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ሠሪ

የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት አሌክሳንደር ማክፋርሌን ከተባለ የጃማይካ ነጋዴ በኑዛዜ የተላለፉለት የሥነ ፈለክ መሣሪያዎች ደረሱት። መሣሪያዎቹ የተገዙበት ሀብት ከባሪያ ጉልበት የተገኘ መሆኑ ዛሬ በግልጽ ይነገራል። በረዥሙ የባሕር ጉዞ የባሕር አየር ጎድቷቸው ስለ ነበር ዋት ጠርቶ እንዲያጸዳቸው ተደረገ፤ ለሥራውም አምስት ፓውንድ ተከፈለው። በ1757 ዩኒቨርሲቲው በግቢው ውስጥ ክፍል ሰጥቶት የዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ሠሪ ሆነ።

ያች ክፍል ብዙም ሳይቆይ የሊቃውንት መሰብሰቢያ ሆነች። የኬሚስትሪው ሊቅ ጆሴፍ ብላክና በዚያን ጊዜ ተማሪ የነበረው ጆን ሮቢሰን ወደዚያ ይመላለሱ ነበር። ዋት ማናቸውንም ሥራ አልንቅም ይል ነበር። የቅየሳ መሣሪያ ጠገነ፤ የሙዚቃ ጆሮ የለውም እየተባለ፣ የድምፅን ሕግ ከመጽሐፍ አጥንቶ ለብላክ ኦርጋን ሠራለት። በ1765 ገደማ ደግሞ አንድን ትዕይንት እንደሚታየው አድርጎ በወረቀት ላይ ለመንደፍ የሚረዳ፣ ታጥፎ በትንሽ ሣጥን የሚገባ መሣሪያ ሠርቶ ሸጠ። እያንዳንዱ አዲስ ሥራ አዲስ መያዣ፣ አዲስ መለኪያ፣ አዲስ መቁረጫ ይጠይቅ ነበር፤ በገበያ የማይገኘውንም ራሱ እየሠራ ከጠረጴዛው ላይ ይጨምር ነበር። ዋት በኋላ ለታላቁ ሥራው ያዋለው ሀብት ይህ ልማድ ነው።

አልሠራ ያለችው ሞዴል

በዚያን ዘመን ከማዕድን ጉድጓዶች ውሃ ለመሳብ ያገለግል የነበረው ሞተር ቶማስ ኒውኮመን የሠራውና ከ1712 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። እንፋሎት ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ከዚያም በሲሊንደሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጫል። እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲመለስ በውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ በዚህ ጊዜ የውጭው አየር ክብደት ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። የፒስተኑም እንቅስቃሴ በአንድ ታላቅ ምሰሶ አማካይነት ወደ ፓምፑ ይተላለፋል።

ዩኒቨርሲቲው ለማስተማሪያ የሚሆን የዚህ ሞተር ትንሽ ሞዴል ነበረው። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 2 ኢንች፣ የፒስተኑ ጉዞ 6 ኢንች ነበር። ሞዴሏ በደንብ ሠርታ ስለማታውቅ ለጥገና ወደ ለንደን ተልካ ነበር፤ ነገር ግን መፍትሔ ሳታገኝ ተመለሰች። በ1763 የፊዚክስ መምህሩ ጆን አንደርሰን ሞዴሏን ለዋት አስረከበው።

ዋት የላላውን አጠበቀ፤ የሚያፈሰውን ደፈነ። ሞዴሏም ተነሣች፤ ዳሩ ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ከፍ ዝቅ ብላ ትቆም ነበር። የማፍያዋ መጠን ከሲሊንደሯ አንጻር ሲታይ በቂ ነበር፤ ቢሆንም እንፋሎቱ ያልቅ ነበር። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ኖሮ እሳቱን አጠንክሮ ወይም ሥራው በዚህ ይብቃ ብሎ ዕቃውን ይመልስ ነበር። ዋት ግን ጥፋቱ የሠሪው እንዳልሆነ ተገነዘበ። እያንዳንዱ ክፍል በሚገባ ተሠርቶ ሳለ ጠቅላላው ካልሠራ፣ ምክንያቱ ከማሳነሱ መሆን አለበት ብሎ አሰበ።

ይህን ነጥብ ሞዴል የሚሠራ ሁሉ ሊያስተውለው ይገባል። አንድን ዕቃ በርዝመቱ፣ በወርዱና በቁመቱ ወደ እኩሌታ ብናሳንሰው፣ የፊቱ ስፋት ወደ አራተኛ፣ የውስጡ ይዘት ግን ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ዕቃው ባነሰ መጠን በውስጡ ለያዘው እያንዳንዱ ኪዩቢክ ኢንች የሚደርሰው የግድግዳ ስፋት ይበዛል። ዲያሜትሩ 60 ኢንች ከሆነ ተመሳሳይ ሲሊንደር ጋር ሲነጻጸር፣ በባለ 2 ኢንቹ ሲሊንደር ውስጥ ያለው እንፋሎት 30 እጥፍ የሚሆን ቀዝቃዛ ግድግዳ ይገጥመዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ የሞዴሏ ሲሊንደር የተሠራው ከትልልቆቹ ሞተሮች የብረት ሲሊንደር ይልቅ ሙቀትን ፈጥኖ ከሚያስተላልፍ ናስ ነበር። እንፋሎቱ ሥራ ሳይሠራ ግድግዳውን ሲያሞቅ ያልቅ ነበር።

ሌላው ሰው ከዚህ ተነሥቶ ሞዴል ዋጋ የለውም ይል ይሆናል። ዋት ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር አየ። ትንሿ ሞዴል የትልቁን ሞተር ሕመም አጉልታ አሳየችው። በትልቁ ሞተር ውስጥም ያው ብክነት ነበር፤ ነገር ግን የድንጋይ ከሰሉ ብዛት ሸፍኖት ስለ ኖረ ማንም ልብ አላለውም።

በቤት የተሠሩ መለኪያዎች

ዋት ጥርጣሬውን በቁጥር ለማረጋገጥ ፈለገ፤ ለዚህም የሚሆን መሣሪያ በየትም አይሸጥም ነበር። ስለዚህ ራሱ ሠራው። ሙቀትን በቀላሉ የማያስተላልፍ ሲሊንደር ስላስፈለገው፣ እንጨት በተልባ ዘይት አርክሶ በማድረቅ ዲያሜትሩ 6 ኢንች፣ የፒስተኑ ጉዞ 12 ኢንች የሆነ ሲሊንደር አዘጋጀ። የእንጨቱ ሲሊንደር እንፋሎት መቆጠቡን አሳየ፤ ነገር ግን ለዘለቄታው የሚሆን አልነበረም። ቀጥሎም ምን ያህል ውሃ እንደ ተነነ በዓይን ለማየት የሚያስችል ማፍያ አበጀ። አንድ እጅ ውሃ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,800 እጥፍ እንደሚሰፋ ለካ፤ የዛሬው ልኬት 1,670 ያህል መሆኑን ስናስብ፣ በቤት ከተሠራ መሣሪያ የተገኘው ውጤት ለእውነቱ የቀረበ ነበር።

ከሁሉ ያስደነቀው ግን ሌላ ውጤት ነው። ጥቂት እንፋሎት በቧንቧ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያስገባ፣ እንፋሎቱ ከራሱ ክብደት ስድስት እጥፍ የሚሆነውን ውሃ እስከ መፍላት አደረሰው። ይህን ለብላክ ሲነግረው ብላክ አስቀድሞ ደርሶበት ለተማሪዎቹ ያስተምረው የነበረውን የስውር ሙቀትን ሕግ አብራራለት። በዚህ ዓይነት የመሣሪያ ሠሪው እጅና የሊቁ ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

ችግሩ አሁን ግልጽ ሆነ። ሲሊንደሩ እንፋሎት እንዳይባክን ዘወትር መጋል አለበት፤ እንፋሎቱ ወደ ውሃ እንዲመለስ ደግሞ መቀዝቀዝ አለበት። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ማስታረቅ አይቻልም። በ1765 የፀደይ ወራት በአንድ እሑድ ዋት በግላስጎ መናፈሻ ሜዳ ሲንሸራሸር መልሱ ታየው። እንፋሎቱ ወደ ሌላ የተለየ ዕቃ ሄዶ በዚያ ቢቀዘቅዝ፣ ሲሊንደሩ እንደ ጋለ ይቆያል። ኮንደንሰር የተባለው ይህ የተለየ ዕቃ ነው። ዕለቱ ሰንበት በመሆኑ ሥራ መጀመር አልተቻለም።

በሚቀጥሉት ቀናት የሠራትን የመሞከሪያ ሞዴል ክፍሎች መመልከት ይጠቅማል። ሲሊንደሯ ዲያሜትሩ አንድ ኢንች ከሦስት አራተኛ፣ ርዝመቱ 10 ኢንች የሆነ የሐኪም የናስ መርፌ ነበር። ክዳኖቹና የኮንደንሰሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች ከስስ ላሜራ ተቆርጠው የተበየዱ ነበሩ። አየርና ውሃ ለማውጣት ትንሽ ፓምፕ ተገጠመላት፤ ኮንደንሰሩም በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠ። እንፋሎቱ በተለቀቀ ጊዜ ያች ከዚህም ከዚያም ተለቃቅማ የተሠራች ሞዴል 18 ፓውንድ፣ ማለትም 8 ኪሎ ያህል ክብደት አነሣች። ዋት ከዚያ በፊት ሞዴሎች እንደሚዋሹ ተምሮ ስለ ነበር፣ ይህችን የሠራት መልክ አሳምሮ ለማሳየት ሳይሆን አንድ ጥያቄ ለመመለስ ብቻ ነበር።

ከሞዴል ወደ ሞተር

ከዚህ በኋላ የሆነው ለማንኛውም መሐንዲስ ትምህርት ነው። በጥቂት ቀናት በጠረጴዛ ላይ የተረጋገጠው ሐሳብ በሥራ ላይ የሚውል ሞተር እስኪሆን 11 ዓመት ፈጀ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የጠፋው መሣሪያው ነው። በዋት አካባቢ የነበሩት አንጥረኞችና ቆርቆሮ ሠሪዎች ትልቅ ሲሊንደር አስተካክለው ክብ አድርገው መሥራት አይችሉም ነበር። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ለመድፈን ቡሽ፣ በዘይት የተነከረ ጨርቅ፣ ወረቀትና አሮጌ ባርኔጣ ሳይቀር ተሞከረ፤ ሁሉም እንፋሎት አሳለፈ። በትንሿ የናስ መርፌ ውስጥ ያልታየው ችግር በትልቁ ሲሊንደር ፊት ለፊት ቆመ። መጀመሪያ ትንሿ ሞዴል የትልቁን ድክመት አጉልታ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላዋ ሞዴል የትልቁን ችግር ደብቃ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ዋት ብዙ መከራ አሳለፈ። በ1769 የፈጠራ መብት ቢያገኝም ገንዘብ የሰጠው ጆን ሮባክ ከሰረ። ቤተሰቡን ለመቀለብ የቦይ መስመር ቅየሳ ሥራ ያዘ። በ1773 ከቤት ርቆ በቅየሳ ላይ ሳለ ባለቤቱ ማርጋሬት በወሊድ ምክንያት ሞተች።

መፍትሔው የመጣው ከሰው ጋር በመተባበር ነው። ዋት በ1774 ወደ በርሚንግሃም ሄዶ ማቲው ቦልተን ከተባለው ባለፋብሪካ ጋር ተባበረ። በዚያው ዓመት ጆን ዊልኪንሰን የተባለ የብረት ሥራ ባለሙያ መድፍ በትክክል የሚሰረስር ማሽን ሠራ፤ ቀጥሎም አሠራሩን ለሲሊንደር አዋለው። ከእርሱ ዘንድ የመጣ ዲያሜትሩ 50 ኢንች የሆነ ሲሊንደር ስሕተቱ ከአንድ ሽልንግ ሳንቲም ውፍረት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ1776 የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ሥራ ጀመሩ። እንግዲህ የዋትን ሞተር ከሞዴል ወደ ፋብሪካ ያወጣው የሌላ ሰው መሣሪያ መሆኑን ዘንግቶ ስለ ዋት መናገር ፍትሕ አይሆንም።

ዋት ከዚያም በኋላ የሞዴልን መንገድ አልተወም። በ1784 የፒስተኑን ዘንግ በቀጥታ መስመር የሚመራውን የዘንጎች ቅንብር አስቀድሞ በሞዴል ሞከረው፤ ፍጥነትን የሚቆጣጠረውን ባለ ሁለት ኳስ መሣሪያም በ1788 ለሞተሩ አዋለ። ይሁን እንጂ ጉድለትም ነበረበት። እስከ 1800 የተራዘመለትን የፈጠራ መብት አጥብቆ ይዞ ሌሎችን በፍርድ ቤት ተሟገተ፤ ከፍተኛ ግፊት ያለውን እንፋሎት ስለሚፈራም የሌሎችን ሙከራ አላበረታታም።

የጣሪያ ሥር ክፍል

በ1800 መብቱ ሲያበቃ ዋት ከንግዱ ወጣ። በበርሚንግሃም አጠገብ በነበረው ሂዝፊልድ በተባለው ቤቱ ጣሪያ ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል ለራሱ ወርክሾፕ አደረገ። በክፍሏ ውስጥ በእግር የሚዞር ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ሞረዶች፣ መሮዎች፣ የመሰርሰሪያ ጫፎችና በየመሳቢያው የተደረደሩ ትርፍራፊ ዕቃዎች ነበሩ። ከሥራው ላለመነሣት ምግቡን እዚያው ያሞቅ ነበር፤ መጥበሻውም ከመሣሪያዎቹ ጋር ተገኝቷል።

በ1804 ተስፋ የጣለበት ልጁ ግሪጎሪ በሳንባ ነቀርሳ በ27 ዓመቱ ሞተ። ከእርሱም አስቀድሞ፣ በ1794፣ ሴት ልጁ ጄሲ በዚያው በሽታ ሞታ ነበር። አባትየው የግሪጎሪን የትምህርት ወረቀቶች የያዘውን ሣጥን ወደ ጣሪያ ሥር ክፍሉ አስገብቶ ከሥራ ጠረጴዛው ሳያርቅ አኖረው።

በእነዚያ ዓመታት በዚያች ክፍል የሐውልት መቅጃ ማሽኖች ሠራ። አንደኛው ሐውልቱን አሳንሶ፣ ሁለተኛው በልኩ የሚቀዳ ነበር። አሠራሩ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ዘንግ የዋናውን ሐውልት ፊት እየዳሰሰ ይሄዳል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሌላው ዘንግ ደግሞ በእግር ፔዳል ኃይል የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ይዞ ያንኑ እንቅስቃሴ በለስላሳ ድንጋይ ወይም በሌላ ነገር ላይ ይደግማል። በማሳነሻው ማሽን የሁለቱ ዘንጎች ከመሽከርከሪያው ነጥብ ያላቸው ርቀት የቅጂውን መጠን ይወስናል። ችግሩ ዘንጎቹ እንዳይታጠፉና እንዳይንቀጠቀጡ ማድረግ ነበር፤ ዋትም ለዚህ ብዙ ዓመት ደከመ። ለእነዚህ ማሽኖች የፈጠራ መብት አላወጣም። ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ በማሽኑ የቀዳቸውን ትናንሽ ሐውልቶች የአንድ ጀማሪ ወጣት ሥራ ናቸው እያለ በቀልድ ለወዳጆቹ ይሰጥ ነበር። ከልጆቹ ሞት በኋላ የቀሩትን ቀናት ያጸኑለት እጁና መሣሪያዎቹ ነበሩ ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

ዋት በኦገስት 25 ቀን 1819 በ83 ዓመቱ ሞተ። የጣሪያ ሥር ክፍሉ ተቆልፎ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ። ቤቱ በ1927 ከመፍረሱ በፊት፣ በ1924 ክፍሉ ከነዕቃዎቹ ወደ ለንደን ሳይንስ ሙዚየም ተወሰደ፤ ከ2011 ጀምሮም ከ8,000 በላይ ዕቃዎቹ እንደ ነበሩ ተደርድረው ለሕዝብ ቀረቡ። የ1765ቱ የላሜራ ኮንደንሰር የሚገኘው በዚያው ሙዚየም ሲሆን፣ አልሠራ ያለችው የኒውኮመን ሞዴል በግላስጎ ሀንተሪያን ሙዚየም ትገኛለች።

ከዚህ ሕይወት የሙያ ባልደረቦች የሚወስዱት ትምህርት በእነዚህ ሁለት ሙዚየሞች በግልጽ ይታያል። የግላስጎዋ ሞዴል እጅግ ቆንጆ ሆና አልሠራችም፤ የለንደኑ ላሜራ ቧንቧ ደግሞ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ የማያየው ቁራጭ ቆርቆሮ ሆኖ ሠራ። በሁለቱ መካከል የቆመው፣ ያልሠራውን ለምን አልሠራህም ብሎ የጠየቀ፣ ለመጠየቂያ የሚሆነውንም መሣሪያ ከገበያ ሳይጠብቅ በገዛ እጁ ያበጀ ሰው ነው። በገዛ እጁ ሊያበጀው ያልቻለውን ሲሊንደር ግን 11 ዓመት ጠብቆ ከሌላ ባለሙያ ተቀበለ። ወርክሾፕ ያለው ትምህርት ቤትም ሆነ ድርጅት ሁሉ፣ በመደርደሪያው ላይ አልሠራ ብሎ የተጣለ ሞዴል ቢኖረው፣ ከመጣሉ በፊት እንደገና ወደ ጠረጴዛው ቢያወርደው መልካም ነው።